ሉላዊነት ከሐዲድ ዳር ሲታይ



«ግሎባላይዜሽን» ወይም «ሉላዊነት» የሚለው ቃል ከብዙዎቻችን ጆሮ የገባው በቅርብ ዘመን ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። ሉላዊነት ስንል ሸቀጥ፣ ገንዘብ፣ ሰውና ሐሳብ ድንበር እየተሻገሩ ከመዘዋወራቸው የተነሣ፣ በአንዱ የምድር ማዕዘን የተወሰነ ውሳኔ በሌላው ማዕዘን ያለውን ሰው ኑሮ የሚነካበትን ሁኔታ ማለታችን ነው። በዚህ ጽሑፋችን ይህ ሁኔታ በንግድ፣ በባህልና በአገር ኢኮኖሚ ላይ ያስከተለውን ውጤት ከሁርሶና ከድሬዳዋ ተነሥተን እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ባቡር የወለዳት ከተማ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ በግርጌው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 ባቡሩ ከዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሥራውን የጀመረው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀ፤ በ1908 በተቋቋመው ሌላ ኩባንያ አማካይነት ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ቀጠለና በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሁርሶም በዚሁ መስመር በድሬዳዋና በኤረር መካከል የምትገኝ ጣቢያ ሆነች።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ከተማዪቱን የወለዷት የቤተ መንግሥት ፈቃድ፣ የአውሮፓ ገንዘብና የተራራው አቀማመጥ ናቸው። በውጭ ገንዘብና በሩቅ ውሳኔ የተወለደ ኑሮ ደግሞ ገንዘቡና ውሳኔው አቅጣጫ ሲለውጡ ይናወጣል።

ለ. በንግድ ላይ

አሮጌው ባቡር አዝጋሚ ቢሆንም በየትንንሹ ጣቢያ ይቆም ነበር። በቆመበት ሁሉ ምግብ፣ ወተትና ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው ነበረ። ያ መስመር ካረጀና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አገልግሎቱ ከተቋረጠ በኋላ፣ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም በጥር 2018 ጀመረ። አዲሱ ባቡር ጉዞውን እጅግ አሳጥሯል፤ ብዙ ጭነትም ይጭናል። ይሁን እንጂ የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፤ የሚቆምባቸውም ስፍራዎች ጥቂት ናቸው። ፈጣን መንገድ ወደቡን ከዋና ከተማው ጋር ሲያቀራርብ በመካከል ያለውን ትንሽ ነጋዴ ያለ ገበያ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ስለ አንድ መንገድ ስንፈርድ ምን ያህል ኮንቴይነር አለፈ ብለን ብቻ ሳይሆን ለማን ቆመ ብለንም ልንጠይቅ ይገባል።

በድሬዳዋ «ታይዋን» የሚባል ገበያ መኖሩ ራሱ ምስክር ነው። ከእስያ የመጣው ሬዲዮ፣ ጨርቅና ስልክ ደመወዙ ትንሽ ለሆነ ቤተሰብ በሚቀመስ ዋጋ ይደርሰዋል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ርካሹ የውጭ ጨርቅና ሰልባጁ ለአገር ውስጥ ሸማኔና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከባድ ተፎካካሪ ነው። ገዢውና ሠራተኛው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት ሊሆኑ እንደሚችሉ አንርሳ።

የቡናው ታሪክ ደግሞ ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። ቡና አምራችና ገዢ አገሮች በኮታ ዋጋን ያረጋጉበት የነበረው ስምምነት በ1989 ፈረሰ። አቅርቦቱ በዛ፤ በ2001 የአንድ ፓውንድ ቡና አማካይ የዓለም ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ ደጋ ብዙ ገበሬ ፊቱን ወደ ጫት አዞረ። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጠየቀች። ተቃውሞ ቢገጥማትም በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማማች። የደሀ አገር ንብረት ፍሬው ብቻ ሳይሆን ስሙም መሆኑ ታወቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ብሂል በዓለም ገበያም ይሠራል።

ሐ. በባህል ላይ

ድሬዳዋ ከመጀመሪያው የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ህንዱ፣ አርመኑና ግሪኩ በከዚራና በመጋላ ተገናኝተው ነገዱ። የባቡሩ ሠራተኞች ፈረንሳይኛ ተናገሩ። ከዚህ መቀላቀል የተነሣ ከተማዪቱ ቋንቋዋን አላጣችም፤ እንዲያውም አንድ ሰው ሦስትና አራት ቋንቋ መናገሩ የተለመደ ሆነ።

የዛሬው ግን ከዚያ ይለያል። ያኔ እንግዳው መጥቶ አብሮን ይኖር፣ ቡናችንን ይጠጣ፣ ለቅሷችን ላይ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በስልክ መስታወት የሚገባው ባህል ያሳየናል እንጂ አያየንም፤ ያናግረናል እንጂ አይሰማንም። ወጣቱ የሩቁን ሀብት እያየ የቅርቡን ሥራ ሲንቅ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ዐረብ አገር በሚያደርገው አደገኛ ጉዞ ሕይወቱን ለአሻጋሪ አሳልፎ እስከ መስጠት ይደርሳል። መድኃኒቱ ስልኩን መከልከል አይደለም፤ የአያቱን ቋንቋና ሙያ አክብሮ የሚያስተምረው ሰው ማግኘቱ ነው።

መ. በአገር ኢኮኖሚ ላይ

ለባቡሩ ሥራ ከፍተኛው ገንዘብ የተገኘው ከቻይና የወጪና ገቢ ባንክ በብድር ነው። ብድሩ የሚመለሰው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪውም የሚገኘው ከቡና፣ ከወርቅ፣ ከአበባና ከመሳሰሉት ሽያጭ ነው። አገራችን በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ በወቅቱ ሳትከፍል ቀረች። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በፊት ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቡና ላኪው በብር ሲቆጠር የበለጠ ያገኛል፤ መድኃኒት፣ ነዳጅና ማዳበሪያ የሚገዛው ግን የበለጠ ይከፍላል። አንድ መመሪያ ለአንዱ በረከት ለሌላው ሸክም የሚሆነው እንዲህ ነው። በ2022 በድሬዳዋ የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠናም የሚመዘነው በአጥሩ ስፋት ሳይሆን ለአካባቢው ልጆች በሚያስተምረው ሙያ ነው።

ሠ. ምን እናድርግ?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2001 ሉላዊነት ከመነሻው ክፉ ወይም መልካም ተብሎ የማይፈረድበት፣ የሰው አያያዝ የሚወስነው መሆኑን አስገንዝበዋል። በነዲክቶስ 16ኛም በ2009 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት መቀራረብ ብቻውን ወንድማማች እንደማያደርገን አስተምረዋል። እንግዲህ ባቡሩን መርገምም ማምለክም አይገባንም። ትንንሽ ነጋዴዎች በቁጠባና በኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጁ፤ ወላጆች ለልጆቻቸው ቋንቋን ከሙያ ጋር ያስተምሩ፤ ሸማቹም የሚገዛውን ዕቃ ማን በምን ድካም እንደ ሠራው ይጠይቅ።

ለውይይት

1. ዛሬ በቤታችን ካሉት ዕቃዎች የትኞቹ በአካባቢያችን ሊሠሩ ይችሉ ነበር? የማይሠሩትስ ስለምንድን ነው?
2. በሰፈራችን በባቡሩ ወይም በገበያው ለውጥ መተዳደሪያውን ያጣ ማን ነው? ምን ሙያ አለው? እኛስ ከእርሱ ምን ልንገዛ እንችላለን?
3. ለስደት የሚነሣ ወጣት ምክር ቢጠይቀን፣ ከ«አትሂድ» ሌላ የምንሰጠው ምን አለን?