ሞዴሉ ያልጠየቀው ወላጅ

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ልጀምር ነው። ርዕሴ የትምህርት ቤት ምገባ ነው። አማካሪዬ «የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍሽ የቱ ነው?» ሲሉኝ የማስሎን የፍላጎት ፒራሚድ ልጠቀም አሰብኩ።

መምህር፦ ደግ ርዕስ ነው። ፒራሚዱ ግን የማስሎ አይደለም። አብርሃም ማስሎ በ1943 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ሥዕል የለም፤ ሥዕሉን ያመጡት ኋላ የተነሡ የሥራ አመራር ጸሐፊዎች ናቸው። ማስሎ ራሱ ቅደም ተከተሉ የማይሠራባቸው ሰዎች እንዳሉ ጽፏል። ሥዕሉ ይህን ሁሉ አራገፈና መጀመሪያ ሆድ፣ ከዚያ ሌላው የሚል መሰላል ብቻ አስቀረ። በዚያ መሰላል ከሄድን የቆሎ ተማሪ የት ይገባል? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ነው ቅኔ የተማረው። ሆዱ እስኪሞላ ቢጠብቅ ኖሮ አንድም ባለቅኔ ባልነበረን።

ጠያቂ፦ እንግዲያው ማስሎን ልተወው?

መምህር፦ አትተዪው። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሲያንቀላፋ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። እኔ የምልሽ ንድፈ ሐሳብን እንደ መልስ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ያዢው ነው። ድንጋይ ስለ ስበት ሕግ ቢሰማም ባይሰማም ይወድቃል። ሰው ግን ያወጣሽለትን ዕቅድ ይሰማል፣ ከራሱ ኑሮ ጋር ያሰላል፣ ከዚያ አካሄዱን ይለውጣል። ሮበርት ሉካስ የሚባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1976 እ.ኤ.አ. የሥራ ባልደረቦቹን የተቸው በዚሁ ነበር፤ ፖሊሲው ሲቀየር የሰዉ ጠባይም አብሮ ይቀየራልና የትናንቱን ቁጥር ይዛችሁ ለነገ አትተንብዩ አላቸው።

ጠያቂ፦ በሥነ ልቦናስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

መምህር፦ የማርሽማሎውን ፈተና ታውቂዋለሽ። ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ሕፃናት ፊት ጣፋጭ አስቀምጦ «እስክመለስ ሳትበላ ከቆየህ ሁለት ታገኛለህ» አላቸው። የታገሡት ኋላ በትምህርታቸው ተሻሉ ተባለ፤ ከዚያ ትዕግሥት የስኬት ቁልፍ ነው የሚል ስብከት ዓለምን አጥለቀለቀው። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ሌሎች አጥኚዎች 28 ሕፃናትን ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ አስቀድመው ቃል የገቡትን ፈጸሙላቸው፤ በግማሾቹ ላይ አጠፉባቸው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። ልጁ ቀበጥ ሆኖ አይደለም የበላው። ቃል የሰጠው ሰው ይታመናል ወይስ አይታመንም ብሎ አስልቶ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈተናው በብዙ መቶ ሕፃናት ላይ ተደግሞ የቤተሰብ ኑሮ ሲታሰብበት፣ ያ የተባለለት የስኬት ትንበያ እጅግ አነሰ።

ጠያቂ፦ ይህ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ምን ይመስላል?

መምህር፦ ሴክተር ሪቪው ሲባል ሰምተሻል?

ጠያቂ፦ የድሃ ልጅ እንዳይማር በንጉሡ ዘመን የወጣው አይደል?

መምህር፦ ይኸው! ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተሠራው በ1964 ዓ.ም. ነው። የዓለም ባንክ እጅ ነበረበት፤ አጥኚዎቹ ግን አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ። ያኔ ከአምስት ሕፃናት አንዱ እንኳ ትምህርት ቤት አይገባም። በሌላው ዓለም ደግሞ ቴዎዶር ሹልዝና ጌሪ ቤከር ትምህርት መዋዕለ ንዋይ ነው፣ ትርፉም ይሰላል እያሉ ጽፈው ነበር፤ ሁለቱም ኋላ በኖቤል ሽልማት የተከበሩ ናቸው። በዚህ ዓይን የእኛን አገር ስታዪ፣ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚወጣው ብር ስንቱን ሕፃን ፊደል ያስቆጥራል? ስለዚህ ጥናቱ ለሁሉም ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው በልክ ይደግ አለ። እንደ ሒሳብ ነውር የለበትም። ለገጠሩ የታሰበም ነበር።

አሁን ወላጁ ዘንድ ሂጂ። ሲሶ ወይም እኩል ለባለርስት የሚያስረክብ ጭሰኛ ነው እንበል። «ልጅህ አራት ዓመት ተምሮ የተሻለ ገበሬ ይሆናል» ስትዪው ለማን ነው የተሻለ የሚያርሰው? ሞዴሉ ትምህርት ምርት ያሳድጋል ይላል። ወላጁ ግን ትምህርትን የሚፈልገው ከማሳው መውጫ አድርጎ ነው። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ደመወዝተኛ ሆኖ ወንድሞቹን ከተማ ያስገባል፤ አራተኛ ላይ የቆመ ልጅ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። «የቀረው ቀስ ብሎ ይደርሳችኋል» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለተኛው ማርሽማሎ ነው። የሰጪው ቃል ስንቴ እንደታጠፈ የሚያውቅ ሰው አይጠብቅም። በዚያ ላይ የባለሥልጣኑ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ እንደማይቆም ማንም ያውቃል።

ሰነዱ ለሕዝብ በቅጡ ሳይገለጽ ከርሞ ወሬው ቀድሞ ወጣ። እኔ ያኔ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ወላጆች ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከበው «ልጆቻችንን ልታስቀሩብን ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ወረቀቱን በዓይኔ አላየሁትም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት ባለታክሲዎችም አቆሙ። ዕቅዱ ታገደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። ደርግ መጣ፣ መሠረተ ትምህርት ዘመተ፣ ደርግም ሄደ፣ በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ወጣ።

ሰው ሴራ ነበር ይላል። እኔ አይደለም እላለሁ። ሴራ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሴራ በሴረኛው ላይ ይላከካል። በቅን ልቦና የተሰላ፣ ባለጉዳዩን ግን ያልጠየቀ ሒሳብ ነበር።

ጠያቂ፦ ከዚያ ወዲህ ትምህርት አልተወሰደበትም?

መምህር፦ ስለ ፕላዝማው አታስጀምሪኝ! በ1997 ዓ.ም. ግድም የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ቴሌቪዥን ተሰቀለባቸውና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ወረደ። ስሌቱ ገባኝ፤ ጥሩ መምህር ጥቂት ነው፣ ጥሩ ትምህርት አንዴ ተቀርጾ ለሁሉ ይድረስ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን «ተማሪው ራሱ እየተሳተፈ ዕውቀትን ይገንባ» የሚል ሥልጠና ይሰጠን ነበር። ጠዋት ይህን ሐሳብ ከፒያዤ ተምረን ከሰዓት ከማያዳምጥ ስክሪን አጠገብ ቆምን። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ መልስ ሳይሰማ ያልፋል፤ እጁን ያወጣው ልጅ እንዳወጣ ይቀራል። ሁለት የሚጣሉ ንድፈ ሐሳቦችን ባንድ ክፍል ያስገባ ማነው ብለን ብንጠይቅ የሚመልስ አልነበረም።

ጠያቂ፦ ታዲያ እኔ በምገባው ጥናት ምን ላድርግ?

መምህር፦ ማስሎን ያዢና እናቶቹ ዘንድ ሂጂ። ልጁ ትምህርት ቤት መብላት ከጀመረ ወዲህ የቤቱ ቁርስ ቀረ ወይ? የተረፈው ለታናሹ ሄደ ወይ? ምገባው አንድ ወር ቢቋረጥ ልጁን መላክ ታቆማለች ወይ? እሷ ያላት ስሌት የጥናትሽ ግማሽ ነው። ማዕቀፍሽ ያልጠበቀውን መልስ ብትሰጥሽ ማዕቀፉን አስተካክዪ እንጂ የእናቲቱን መልስ አታጣምሚ።

ይህን የምለው ላንቺ ብቻ አይደለም። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ፖሊሲ የምታረቅቁ፣ ሥርዓተ ትምህርት የምትቀርጹ፣ በጀት የምትደለድሉ ሁሉ፣ ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት ወላጁን፣ መምህሩንና ተማሪውን ጠይቁ። ሰነዱ ከታወጀ በኋላ የሚደረግ ውይይት ማስታወቂያ ነው፤ ጥያቄ አይባልም።