ፎቶው የቤተሰቡ ነው

ጥያቄ፦ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ለበዓል በሰፈራችን ላሉ አቅመ ደካማ ቤተሰቦች በነፃ ፎቶ ላነሳላቸው አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ሐሳብዎ የሚያስመሰግን ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጄረሚ ካዋርት የመሠረተው «ሄልፕ ፖርትሬት» የሚሠራውም እንዲሁ ነው፤ ባለሙያዎች አንስተው፣ አሳትመው ለባለቤቱ ይሰጣሉ።

መጀመሪያ የእድሩን ዳኛ ያማክሩ። ጥሪው «ለችግረኞች» ከተባለ ብዙዎች አፍረው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ይሁን። ታመው ወይም አርጅተው መውጣት ላልቻሉት ቤታቸው ድረስ ይሂዱ።

ውድ መብራት አያስፈልግዎትም። የቀትሩን ፀሐይ ትተው ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ በደጃፍ ጥላ ሥር ያስቀምጧቸው፤ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ያዙሩ። ነጭ ነጠላ ከለበሱ ብርሃኑን ከፊታቸው ላይ ይለኩ፤ ከነጠላው ከለኩት ፊታቸው ይጨልማል። መስታወትና ማበጠሪያ ያዘጋጁ፤ አቀማመጡን እነሱ ይምረጡ።

በስልክ መላክ ብቻ አይበቃም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ቢያንስ 13 በ18 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ አሳትመው በእጃቸው ያስረክቡ። ያለ ፈቃዳቸው ፌስቡክ ላይ አይለጥፉ። ከሁሉም በላይ፣ «አመጣላችኋለሁ» ካሉ ቃልዎን ይጠብቁ፤ ተነስተው ፎቷቸውን ሳያዩ የቀሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።