ጥያቄው ከመጽሐፉ ይቅደም፦ ብቸናና ሞጣ ያስተማሩኝ



ውድ አንባብያን! ልጆችን ትምህርት ቤት ስለ መላክ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ልጁ ደብተሩን ይዞ ክፍል ከገባ በኋላ ምን ይማራል? የተማረውስ ለምን ይሆነዋል? የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ ሒሳብና ፊዚክስ ሳስተምር ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና በዚህ ጉዳይ ያለኝን ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ። የምነግራችሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በመጀመሪያ በብቸና፣ ኋላም በሞጣ፣ ተማሪዎቼ ራሳቸው ያስተማሩኝን ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል አስቀድሜ ቁጥር ላስታውስ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጡት አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው የተጠየቁትን ግማሹን እንኳ መመለስ አልቻሉም ማለት ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ የመምህሩ ኑሮ አለ፤ የቋንቋ ችግር አለ፤ ጦርነት አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን መምህሩ በእጁ የያዘው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የዕለቱ ትምህርት የሚጀምርበት ጥያቄ ነው።

ማንም ያላየው ገንዳ

ብቸና ስመደብ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ይዘት አስተምራለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ አንድ የመዋኛ ገንዳ ይጠይቃል፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ ተሰጥቶ ስንት ሊትር ውሃ ይይዛል ይላል። ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሼ ሳስረዳ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ገንዳ ከብት የሚጠጣበት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል፤ ከሁላችንም ቃሉን ከሚያውቀው ነገር ጋር ለማገናኘት የሞከረው እርሱ ብቻ ነበርና።

ቀመሩን ሸመደዱት፤ በፈተናም ብዙዎቹ አገኙት። እኔም አስተማርኩ ብዬ ደስ አለኝ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ያ ልጅ ሦስት ቀን ቀረ። ሲመለስ የት ነበርክ አልኩት። «ማሳው ላይ ውሃ ተኝቶበት ስንዴው ቢጫ ሆነ። ከአባቴ ጋር ውሃ ስናወርድ ሰነበትን» አለኝ። ቀጥሎም «ጋሼ፣ በየት በኩል ብንለቀው ነው የሚሻለው?» ሲል ጠየቀኝ። የይዘት መምህሩ መልስ አጣሁ። ለካ ትምህርቱ ከክፍሉ መስኮት ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ኖሯል!

የብቸና አካባቢ ዋልካ አፈር የበዛበት አገር ነው። ይህ አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል፤ ውሃውም ወደ ታች መስረግ ትቶ ከላይ ይተኛል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል። ገበሬው ዘዴው ብዙ ነው። አንዳንዱን ሰብል ዝናቡ ከበረታበት ወቅት በኋላ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይዘራል። ተመራማሪዎችም ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለት የአገሬውን ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና የውሃ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ብቸናም ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

ታዲያ ትምህርቱን እንደገና ጀመርኩት። ቀመር ሳልጽፍ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «በአንድ ጥማድ ማሳ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ስንት ጀሪካን ውሃ ይሆናል?» መጀመሪያ ሁሉም በግምት እንዲመልስ አደረግሁ። ሃምሳ ያለ አለ፤ መቶ ያለ አለ፤ ደፋሩ ሁለት መቶ አለ። ከዚያ ሒሳቡ ተሠራ። ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር 0.03 ሜትር ነው። ሲባዛ 75 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 75,000 ሊትር ይመጣል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 3,750 ጀሪካን! ክፍሉ ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጆቹ ቀመሩን ሳልነግራቸው ራሳቸው ፈለጉት።

በማግስቱ ገመድ፣ እንጨትና ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይዘን ወደ ማሳ ወረድን። መሬቱ በ50 ሜትር ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንደሚል ለኩ። ቦዩ በየት በኩል ይውጣ? በሚለው ተከራከሩ። አንዱ ወገን ቁልቁል በቀጥታ አለ። ሌላው አፈሩን ይዞት ይሄዳልና አግድም ይሁን አለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ «ከታች ያለው የባልቴቷ ማሳ ነው። እኛ የሸኘነው ውሃ እኮ እሳቸው ላይ ነው የሚወርደው» አለች።

ይህ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። መልሱም በእኔ ዘንድ አልነበረም። ተማሪዎቹ ግን በወሰን በኩል የጋራ ቦይ ይሁን አሉ፤ ያን ሁሉ ውሃ ለመሸኘት ስንት ሜትር ወርድና ጥልቀት እንደሚበቃ አስልተው ለባለማሳዎቹ አቀረቡ። ሁለቱ ተስማሙ። ሦስተኛው ግን «ልጅ አይመክረኝም» ብሎ እምቢ አለ። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰው ካልተስማማ ቦዩ እንደማይቆፈር ልጆቹ ያን ቀን ተማሩ።

አዲስ ነገር ነውን?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የፈረንጅ ፋሽን ይመስለዋል። አይደለም። አልጀብራ ስሙን ያገኘበትን መጽሐፍ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳድ ሲጽፍ፣ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ ለሚገጥማቸው ጉዳይ ብሎ ነበር። ከመጽሐፉም ሰፊው ክፍል የውርስ ክፍፍል ስሌት ነው። ዛሬ ልጆቻችን «ኤክስን ፈልጉ» ሲባሉ የሚያዛጉበት ትምህርት የተወለደው ከሟች ቤት ክርክር ነው ማለት ነው።

እዚያው ብቸና አጠገብም ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ በቅኔ ትምህርት የታወቀ ደብር ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ማቅረብ አለበት። ከበደ ተብሎ አይቀርለትም። የእኛም የዒልም ተማሪ መትኑን በቃሉ ከያዘ በኋላ ለአዲስ ጉዳይ ብይኑን እንዲያገኝ ይጠየቃል። ሽምደዳ ስንቅ ነው፤ ያለ ስንቅ መንገድ አይጀመርም። ስንቁን ተሸክሞ እቤት መቀመጥ ግን ጉዞ አይባልም።

ሰባራው ድልድይ

ከብቸና ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። የሞጣ ሰው ስለ ሰባራ ድልድይ ሳያወራ አይውልም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ ተሠርቶ ጎጃምን ከጎንደር በዓባይ ላይ ሲያገናኝ የኖረ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን አርበኞች መካከሉን ቆረጡት። ከዚያ በኋላ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ሰዎች ገመዱን ይዘው እየጎተቱት ክፍተቱን ያልፍ ነበር።

የፊዚክስ ክፍሌን በዚህ ጀመርኩ። «ገመዱ ቢወጠር ይሻላል ወይስ ረገብ ቢል?» ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቢወጠር!» አለ። ከዚያ ኃይሉን በሥዕል ከፋፈልነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው መካከል ላይ ሲደርስ ገመዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ከረገበ በእያንዳንዱ ወገን የሚያርፈው ኃይል የ60 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። 10 ዲግሪ ብቻ እንዲሆን ከተወጠረ ግን ወደ 173 ኪሎ ይጠጋል፤ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው! የመሰላቸው ሁሉ ተገለበጠ። ዘመዱ በዚያ ገመድ የተሻገረ ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ነበርና ሳይኑንና ኮሳይኑን ማንም አልጠላውም።

ድልድዩ ራሱ ከዚያም በኋላ ማስተማሩን አላቆመም። የገመዱን ፎቶግራፍ በመጽሔት ያየ አንድ አሜሪካዊ ተነሳስቶ ከአካባቢው ሰው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ክፍተቱ በብረት ተጠገነ። በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ታዲያ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ምን አለ? የድንጋዩ ቅስት ለምን ዘመናት ቆመ? ብረቱን ጎርፍ ለምን ወሰደው? ተንጠልጣዩስ ምን ቢለይ ነው?

ያላስተማርኩት ትምህርት

ውድ አንባብያን፣ ሞጣ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ድልድዩን አለመሆኑን አውቃለሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለተ ጁሙዓ፣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሳ የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። እኔ ያኔ ከሞጣ ርቄ ነበርኩ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ፦ ከእነዚያ ጎረምሶች መካከል እኔ ያስተማርኩት ይኖር ይሆን?

የገመዱን ውጥረት አስልቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ማን አየ? እንዴት አወቅህ? ሌላ ምክንያት ሊኖር አይችልም ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሬዋለሁን? በእኛ ዘንድ ሐዲስ ሲነገር «ሰነዱስ?» ይባላል፤ ከማን እንደተሰማ፣ ያስተላላፊው እውነተኛነት ይመረመራል። በሳይንስ ክፍልም የሚጠየቀው ይኸው ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ለገመድና ለውሃ ብቻ ነበር ያዋልኩት። ለገበያ ወሬ አላዋልኩትም። የዕውቀቱ ዋጋ ግን በዚያች ሰዓት ነበር የሚለካው።

እንዴት ይዘጋጅ?

ለመምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ ከብዙ ስሕተት በኋላ የያዝኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በመጽሐፉ ያለውን አርእስት ያዙና የአካባቢው ሰው በዚህ ጉዳይ ምን ይቸገራል? ብላችሁ ጠይቁ። የመዋኛ ገንዳውን የከብት ገንዳ ብሎ መጥራት ብቻ አይበቃም፤ መልሱን የሚፈልግ ሰው መኖር አለበት።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ይክበድ። ያለ አዲሱ ትምህርት የሚፈታ ከሆነ ጨዋታ ነው። ፈጽሞ የማይደረስበት ከሆነም ተስፋ ያስቆርጣል።

ሦስተኛ፣ ከስሌት በፊት ግምት ይቅደም፤ ግምቱም ይጻፍ። ሰው የገመተው ሲሳሳት ነው ጆሮው የሚከፈተው።

አራተኛ፣ ቁጥሩን ራሳቸው ይለኩት።

አምስተኛ፣ ዝም በሉ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መምህር መልስ ይዞ ዝም ማለት እንደ ጾም ነው።

ስድስተኛ፣ በመጨረሻ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ፤ ቀመሩን በእንግሊዝኛው ጭምር ያጥኑት። ፈተናው የሚመጣው በዚያ ነውና።

«ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል? የዓመቱን ትምህርት ማን ይጨርሰው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እኔም በየዕለቱ አላደረግሁትም፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ መምህር ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ነበር። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ግን የሚጠይቀውን ልጅ አይሰማም፤ ቆሞም አይጠብቅም። ያን ጊዜ እኔ ያተረፍኳት ያችው የሁለት ሳምንቷ ክፍለ ጊዜ ነበረች።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ከመማር ርቀዋል። በከተማ የምንኖር፣ የልጆቻችን ክፍል ክፍት የሆነልን፣ ይህን ጸጋ እንወቀው። ወላጅ ማታ ልጁን «ዛሬ ስንት አመጣህ?» ከሚለው ይልቅ «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» ቢለው ገንዘብ አያስወጣውም። ጠያቂ ልጅ የማሳውን ውሃ ወዴት እንደሚያወርድ ብቻ ሳይሆን፣ ወሬ በነፈሰ ቀን እግሩን ወዴት እንደሚያደርግም ያስባል።

ወሏሁ አዕለም።