ሐራን በጠረጴዛ ላይ

የባቡር አምሳያ ለመሥራት የተነሣን እንደሆነ፣ አስቀድመን ልኩን መወሰን ይገባናል። በ1 ለ87 ልክ፣ 1435 ሚሊ ሜትር የሆነው የሐዲድ ስፋት ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ ያለው 392 ኪሎ ሜትር ግን አራት ተኩል ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ይጠይቃል! ስለዚህ የሐራን አንድ ማዕዘን ብቻ እንምረጥ።

በስተ ምዕራብ ተራራውን እናቁም፤ ከሥሩ ሜዳውን፣ በሜዳው ላይ ማሽላውን። ሁለት ሜትር የሚቆም ማሽላ 2.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናልና ከገበሬው አምሳያ እንዳያጥር እንጠንቀቅ። አፈሩንም ከዚያው አምጥተን በወንፊት እንንፋ።

ባቡሩንስ? ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ያለው ሳይፈጸም በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ደረሰበት። እንግዲህ ያላለቀውን ያላለቀ አድርገን፣ ባቡሩን ሲጠብቅ የኖረውንም ገበሬ አጠገቡ አቁመን እናሳይ። እንዳለቀ አድርጎ መሥራት ጌጥ እንጂ ትምህርት አይሆንም።