ሮልፍ ቪደሮ ስለሚባል የኤሌክትሪክ ሊቅ

በመንዝ ደጋ ገብሱ በውርጭ የተመታበት ገበሬ በየትኛው ማሳና በየትኛው ወር እንደ ዘራ ለልጁ ይነግረዋል። ጥፋቱ ስለ ተነገረ ትምህርት ይሆናል። በሊቃውንትም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ መሆኑን የቪደሮ ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የአቶምን ቅንጣት በታላቅ ፍጥነት የሚወረውር መሣሪያ ማፍጠኛ ይባላል። ሊቃውንት ቅንጣትን ከቅንጣት አጋጭተው ባሕርዩን የሚመረምሩት በዚሁ ነው።

ቪደሮ በ1902 በኖርዌይ አገር ተወለደ። በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ ሲማር፥ በ1923 ኤሌክትሮንን በክብ ቱቦ ውስጥ እያዞሩ ስለ ማፍጠን አስቦ ሐሳቡን በደብተሩ ጻፈ። በዚያ ሐሳቡን የሚቀበለው ስላጣ፥ ወደ አኸን ከተማ ሄዶ መሣሪያውን ሠራ። ነገር ግን ኤሌክትሮኖቹ መንገዳቸውን እየለቀቁ ከቱቦው ግድግዳ እየተላተሙ ቀሩ፤ ድካሙም አልሆነለትም።

እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ፥ ስዊድናዊው ኢሲንግ በ1924 ያሳተመውን ሐሳብ ይዞ ሌላ መሣሪያ ሠራ። ነገሩ እንደ ዥዋዥዌ ነው፤ ልጁን ጊዜውን ጠብቀው በጥቂት በጥቂቱ ቢገፉት ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ቪደሮም ኤሌክትሪክ ያዘለውን ቅንጣት በ25,000 ቮልት ሁለት ጊዜ ገፍቶ የ50,000 ቮልት ጕልበት ሰጠው።

በ1928 ጽሑፉ ሲታተም የሆነለትን ብቻ አልጻፈም፤ ያልሆነለትንም ከነስሌቱ ጽፎ አኖረ። በ1929 አሜሪካዊው ኧርነስት ሎውረንስ ጽሑፉን አገኘ፤ ጀርመንኛ አጥብቆ ባያውቅ ሥዕሉን አይቶ ምሥጢሩን ተረዳ። ስለዚህም ቅንጣትን በማግኔት እያዞረ የሚገፋውን ሳይክሎትሮን ሠርቶ በ1939 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ለቪደሮ እንቢ ያለውን የክብ ቱቦ ሥራ ደግሞ ዶናልድ ከርስት በ1940 ፈጸመው፤ ስሙም ቤታትሮን ተባለ። ቪደሮ ራሱ በኋላ በስዊስ አገር የነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤታትሮን ሠራ፤ በ1996 ዐረፈ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ተማሪው ስሌቱን ስቶ ብታገኙት ሰሌዳውን ፈጥናችሁ አታስጠርጉት። የሄደበትን መንገድ በደብተሩ አስጽፉት እንጂ። ያልተጻፈ ስሕተት ዳግመኛ ይሠራልና።

ጥያቄ።
1ኛ፤ ጊዜውን የጠበቀ ጥቂት ግፊት ስለ ምን ይበረታል?
2ኛ፤ ለቪደሮ ያልሆነለት ሥራ ለማን ጠቀመ?