ጆሮሽን ስጫት

ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ በዛሪማ፣ ልጇ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የደረሰባት እናትና በጡረታ ላይ ያሉ አንድ መምህር የተነጋገሩት ነው። መምህሩ ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሰፈሩ ዛሬም «የኔታ» ይላቸዋል።

እናት፦ የኔታ፣ እኔ ከ4ኛ ክፍል አላለፍኩም። የልጄን መጽሐፍ ብገልጠው አይገባኝም። በምን ልርዳት?

መምህር፦ ጆሮሽን ስጫት። ማታ ማታ «ዛሬ የተማርሽውን እስቲ አስረጂኝ» በያት። ለዚህ ካንቺ የተሻለ ሰው የለም፤ የማያውቅ ሰው እስኪገባው ይጠይቃላ! መጽሐፉን ዘግታ በራሷ አነጋገር መናገር ካቃታት ያልገባት ነገር እዚያው ይታወቃል፤ ያኔ ገልጣ ታንብበው። እኛ በቆሎ ተማሪነታችን ንባቡን ቀን፣ የቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ ነበር የምንማረው። በጨለማ የሚገለጥ መጽሐፍ የለም፤ የሚወጣው በልብ የተያዘው ብቻ ነው።

እናት፦ እሷ ግን አንዱን ገጽ ደጋግማ ነው የምታነብ።

መምህር፦ ዓይን ሲለምደው ያወቁት ይመስላል። አንብባ፣ ዘግታ፣ ያስታወሰችውን ትጻፍ። ከሦስት ቀን በኋላ ትድገመው፤ ከሳምንት በኋላም እንደገና። በዋዜማው ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ከማደር ይህ ይበልጣል።

እናት፦ መልሱ አስቀድሞ ይገኛል የሚሉም አሉ።

መምህር፦ ልጄ፣ ይህን ወሬ ቤትሽ አታስገቢ። ኩረጃና የፈተና ስርቆት ስለበዛ ነው የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከ2014 ተፈታኞች አንሥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት የጀመረው። ያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ሁሉም ሰንፈው አይደለም። ኮሮና ትምህርት ቤት አዘግቶ ነበር፤ በኛ በኩል ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰ። የባከነውን ወራት ማን መለሰላቸው? አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ የልጅሽን ጉድለት ከሥሩ ፈልጊው። ክፍልፋይ ካልገባት በ8ኛ ክፍል ሒሳብ አታስጨንቂያት፤ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሰሽ አምጪላት።

እናት፦ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችስ?

መምህር፦ ከመምህሮቿ ጠይቂ፤ ስትሠራም ሰዓት ያዢላት። ምርጫዎቹን በእጇ ሸፍና መጀመሪያ ራሷ ትመልስ፣ ከዚያ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለውን ትመልከት። አለዚያ የተሳሳተው ምርጫ ያሳምናታል። የሳተችውንም ለምን እንደሳተች ከጎኑ ትጻፍ። ደግሞ ይህን አደራ፦ አንድ ጥያቄ ዘልላ ስታልፍ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይም ያንኑ ቁጥር ትዝለል። አንዷ መስመር ከተዛነፈች ከዚያ በታች ያጠቆረችው ሁሉ ያለ ቦታው ይገባል። በዚህ የወደቀ ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ።

እናት፦ ጊዜውን ከየት ላምጣላት? ውሃ የምትቀዳው እሷ፣ የምትጋግረው እሷ።

መምህር፦ ዋናውን ገና አሁን ጠየቅሽኝ። ወንድሟስ?

እናት፦ እሱማ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ሜዳ ነው።

መምህር፦ እንግዲያው ጀሪካኑን እሱ ይያዝ። «የሴት ሥራ ነው» ካለ እኔ ዘንድ ላኪው። እሷ በጊዜ ትተኛ፤ የዛሪማ ሙቀት ቀን አያስነብብምና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ታጥና። በዚያ ሰዓት ማንም «ነይ፣ ሂጂ» እንዳይላት፤ አንቺም ጭምር።

እናት፦ አባቷ እሺ ይላል ብለው ነው?

መምህር፦ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔ አነጋግረዋለሁ። አንቺ ግን እሱን ሳትጠብቂ ዛሬ ማታ ጀምሪ።