ቁጥሩ ከየት መጣ?

ካልኩሌተሩን ወዲያ አድርጊልኝ እስቲ። የደመወዝ ሠንጠረዡን ድምር በካልኩሌተር እያወጣሽ ሴሉ ውስጥ በእጅሽ ስትጽፊ አየሁሽ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን መምህርሽ ነገ «የሦስተኛው ሠራተኛ ደመወዝ ተሳስቷል፣ አስተካክዪው» ቢሉሽ ደመወዙን ታስተካክያለሽ፣ ድምሩ ግን እዚያው ደርቆ ይቀራል። ኤክሴል «ተሳስተሻል» ብሎ አይጮህልሽም፤ የሰጠሽውን ተቀብሎ ዝም ነው። ስለዚህ ሊሰላ የሚችል ነገር ሁሉ በእኩል ይሆናል ምልክት ይጀምር። «ሰም» ብለሽ ቅንፍ ክፈቺ፣ ከላይኛው ሴል እስከ ታችኛው ጎትቺ፣ ቅንፉን ዝጊ፤ በቃ።

የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሲጀመርም ለዚሁ ነው የተፈጠረው። ዳን ብሪክሊን የሚባል ተማሪ ሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሲማር፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሞሉትን ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር እየደመሰሱ እንደገና ሲጽፉ አየ። አንዱ ሲለወጥ ሌላው በራሱ ቢለወጥስ ብሎ አሰበ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆነው የሠሩት ቪዚካልክ በ1979 እ.ኤ.አ. ለአፕል 2 ኮምፒውተር ወጣ፤ ኤክሴል የመጣው በ1985 ነው። ተማሪ ነው ያሰበው፣ ልብ በዪ። ቁጥሩን በእጅሽ ከሞላሽው ግን ኮምፒውተሩን ሰሌዳ አደረግሽው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጡረታ የሚለውን ኮለም እዪው። እያንዳንዱ ፎርሙላ ውስጥ 0.07 ብለሽ ጽፈሻል። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንደሚከፍሉ ማወቅሽ ጥሩ፤ ግን እነዚህን ቁጥሮች ፎርሙላ ውስጥ አትቅበሪያቸው። ሌላ ሺት ላይ ለብቻቸው ቦታ ስጫቸው፣ አጠገባቸው ምን እንደሆኑ ጻፊ፣ ፎርሙላው ከዚያ ይውሰድ። ወደ ታች ስትጎትቺው ሴሉ አብሮ እንዳይንሸራተት ኤፍ4ን ተጫኚ፤ የዶላር ምልክቶቹ ሲገቡለት ይቆለፋል።

ለምን እንደምጨቀጭቅሽ ከግብሩ ታዪዋለሽ። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ ደረጃዎቹም ተለወጡ። ተመኑን ለብቻው ሠንጠረዥ ያስቀመጠ ሰው ያችን ሠንጠረዥ ብቻ ቀየረ። «ኢፍ» ውስጥ «ኢፍ»፣ እሱ ውስጥ ሌላ «ኢፍ» ደርድሮ ቁጥሮቹን እዚያ የሸሸገ ሰው ግን ፎርሙላውን መፍታት ነበረበት። አንቺም ደረጃዎቹን በሠንጠረዥ አስቀምጪና በ«ቪሉካፕ» ጥሪያቸው።

ከዚያ አንድ ሠራተኛ ምረጪና በወረቀት አስዪው። ደመወዙ 9,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600 ብር፣ የቀረው 2,000 በ25 በመቶ 500 ብር፤ ግብሩ 1,400 ብር ሆነ። ጡረታው 630 ብር። እጁ የሚገባው 6,970 ብር ነው። ሺቱ ላይ ያ ሰው 6,970 ካልመጣለት ሌሎቹንም እንዳታምኚያቸው። ይህን ማጣሪያ ሁልጊዜ አድርጊው፤ እኔ እስከ ዛሬ አልተውኩትም፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሆኜም።

«ማን ከፍቶ ያየዋል?» እንዳትዪኝ። በ2010 እ.ኤ.አ. ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ምሁራን፣ ዕዳቸው ከአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች ዕድገታቸው ክፉኛ ይወርዳል የሚል ጽሑፍ አወጡ። የመንግሥት ወጪ ይቀነስ የሚሉ ፖለቲከኞች ደጋግመው ይጠቅሱት ነበር። ቶማስ ሄርንዶን የሚባል፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የዶክትሬት ተማሪ፣ ለክፍል ሥራ ብሎ ያንኑ ውጤት እንደገና ለማግኘት ሲሞክር አልመጣ አለው። ፋይሉን ጠየቃቸው፤ ላኩለት። አማካዩ የተሰላበትን ሴል ሲከፍተው «አቨሬጅ» የሚለው ፎርሙላ ከ20ው ረድፍ 15ቱን ብቻ ይዟል። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ውጭ ቀርተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ይፋ አደረገው። ውጤቱን የለወጠው ያ ሴል ብቻ አይደለም፤ አገሮቹ በተመዘኑበትና አንዳንድ ዓመታት በተተዉበት መንገድም ላይ ትልቅ ክርክር ነበር። የሴሉን ስህተት ግን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አምነዋል።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚነካኝ ፋይሉን መላካቸው ነው። ሌላ ሰው ሊከፍተው፣ ሊከተለውና ሊያርመው ይቻል ነበር። አንቺም እንደዚያ ሥሪ። ሴሉ ላይ ሆነሽ ኤፍ2ን ስትጫኚ ፎርሙላው የሚወስዳቸው ሴሎች በቀለም ይከበባሉ። አየሽው? የመጨረሻው ሠራተኛ ከክቡ ውጭ ነው። ረድፍ ከታች ስትጨምሪ እንዲህ ነው የሚያመልጠው።

ስሞቹ ላይ ደግሞ ቆዪ። ባለፈው የእማዬን እድር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ በደንብ የገባኝ ነገር ነው። አንዷ ሴትዮ በአባላት ዝርዝሩ ፀሐይ፣ በመዋጮው ጸሐይ፣ በሌላ ወር ፀሀይ ተብለው ተጽፈዋል። ለእኔና ለአንቺ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኤክሴል ሦስት ናቸው። ኃይሉና ሃይሉም እንደዚያው፣ ገብረ ማርያምን አንዱ ለይቶ ሌላው አያይዞ ሲጽፈውም እንደዚያው። ከስሙ ኋላ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ሰውየውን ሌላ ሰው ታደርገዋለች፤ እሷን «ትሪም» ያጸዳታል፤ ፊደሉን ግን የሚያስተካክልልሽ የለም። ለዚህ ነው በስም ማገናኘት የማይገባው። ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ስጪ፣ ሁለቱን ሺት በቁጥሩ አገናኚ፣ ስሙ ለዓይን ይቀመጥ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በየኮለማቸው ይሁኑ፤ አንድ ሴል ውስጥ ከከተትሻቸው በኋላ መለያየቱ ያሰለችሻል።

ቀን ከስምም ይብሳል። ኤክሴል ቀንን የሚያስበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ውስጥ ውስጡን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የሚቆጥረው ተራ ቁጥር ነው። ጥቅምት 5 ለማለት 5/2/2017 ብለሽ ብትጽፊ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ከተስተካከለ ሜይ 2 ብሎ ይይዘዋል። ጥቅምት 15 ለማለት 15/2/2017 ስትዪ ደግሞ አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ኮለሙን ስታዪው አንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ እንደሆነ እወቂ። ለጳጉሜማ ጭራሽ ቦታ የለውም። እኔ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብዬ በሦስት ኮለም ነው የማስገባው፤ ወሩን በቁጥር፣ ጳጉሜን 13 ብዬ። በቅደም ተከተል መደርደሩም፣ በወር መደመሩም ያኔ አያስቸግርም።

ይህን ሁሉ ሰምተሽ ኮርስ ልትመዘገቢ ታስቢ ይሆናል። ተመዝገቢ፣ አልከለክልሽም። ግን ሰርተፍኬቱን ወስደው በወሩ «ቪሉካፕ» የጠፋባቸውን ስንቱን አውቃለሁ። እጅ የሚፈታው የራስሽን ነገር ስትሠሪበት ነው። ከቤት የሚላክልሽን ብር ጻፊ፤ ምሳውን፣ ታክሲውን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ የስልክ ጥቅሉን። ኮለሞቹ ጥቂት ይሁኑ፦ ቀኑ፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ በጥሬ ይሁን በቴሌብር። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ደቂቃ አይፈጅም። ወሩ ሲያልቅ ፒቮት ቴብል አውጪለት፤ ገንዘቡ የት እንደሄደ ቁጭ ብሎ ይነግርሻል። እኔን የነገረኝ ፎቶ ኮፒን ነበር፤ ከምግብ ቀጥሎ ትልቁ ወጪዬ እሱ ይሆናል ብዬ በፍጹም አልጠረጠርኩም።

ውጤትሽንም እዚያው ያዢ። የየኮርሱ ክሬዲት አወር በአንድ ኮለም፣ ነጥቡ በሌላ፦ ኤ 4፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3። «ሰምፕሮዳክት» ሁለቱን ኮለም አባዝቶ ይደምርልሻል፣ በክሬዲቱ ድምር አካፍዪው፤ ጂፒኤሽ ነው። ከዚያ «ዳታ» ከሚለው ሥር «ዋት ኢፍ አናሊሲስ» ውስጥ «ጎል ሲክ» አለ። የምትፈልጊውን ጂፒኤ ስትነግሪው የሚቀጥለው ሴሚስተር ስንት እንዲሆን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ ቆጥሮ ያመጣልሻል። ፈተና ሲደርስ በጭንቀት ከመገመት ይህ ይሻላል።

ላፕቶፑን እኔ ስወስደው ጉግል ሺትስ ስልክሽ ላይ አለ፤ መብራት ቢጠፋም የጻፍሽው አይጠፋም። ኦፊስ የሌለበት ኮምፒውተር ካጋጠመሽ ሊብሬኦፊስ በነፃ ይወርዳል፤ ያስተማርኩሽ ሁሉ እዚያም ይሠራል። ሴሎችን መርጅ ማድረግ ግን ተዪ፤ ለዓይን ያምራል እንጂ ስትደረድሪ ያጠላልፍሻል። ርዕሱን አንድ ረድፍ ላይ ብቻ አድርጊ፣ በመሃል ባዶ ረድፍ አትተዪ። ቀለምም አትርጪበት።

በይ አሁን የድምሩን ፎርሙላ እስከ መጨረሻው ሠራተኛ አድርሺው። ባለ 9,000 ብሩን ሠራተኛ በወረቀት ያሰብነው አጠገብሽ አለ፤ ካልገጠመልሽ ከማስገባትሽ በፊት ጥሪኝ፣ ወጥ ቤት ነኝ።